ከጋሪው በኋላ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የዝግጅት ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ስለ ምን ትናገራለህ?» አለኝ። «ስለ ቆሻሻ» አልኩ። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ «እና... ከምሳ በፊት ይሻልሃል ወይስ ከምሳ በኋላ?» ተባልኩ። ከምሳ በፊት ይሁንልኝ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ከገቡት አንዱ ነኝ። የእኛ ዘመን ልጆች ያን ጭቃ አትረሱትም። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ 62,497 ነበር። ዛሬ ከተማዋ የት እንደደረሰች ከመናኸሪያው ወርዳችሁ እስከዚህ ስትመጡ በዓይናችሁ አይታችኋል።

በተማሪነቴ አንዲት እናት ቤት ቡና እንጠጣ ነበር። በዚያ ቤት የሚጣል ነገር ብትፈልጉ አታገኙም። አተላው ለላሟ፣ አመዱ ለጓሮ ጎመኑ፣ የላሟ እበት ኩበት ሆኖ ለምድጃው። የተሰበረ ድስት፣ ያረጀ ጫማ፣ ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው ይቀመጣል፤ ቆራሌው ካልመጣ ለልዋጭ። እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ በአዳራሽ ውስጥ ስለ መልሶ ጥቅም ትምህርት እየወሰድን ነበር። እሳቸው ቃሉን አያውቁትም፤ ሥራውን ግን ከእናታቸው ወርሰውታል። ያ ሥርዓት ጓሮና ላም ባለበት ቤት ይሠራል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ላም የለችም። ፌስታልን ደግሞ ላም ባትበላው ነው የሚሻለው፤ በልታው የሞተችበት ገበሬ ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ስለ ሰው ጥፋት ማውራት ይቀላል፤ ነገር ግን ይህን ጉዳይ በደንብ የተማርኩት ካበላሸሁት ሥራ ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ።

ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ አንድ ከተማ በኮምፖስት ሥራ ላይ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ከተማው የሠራው ጥፋት የለም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከየቤቱ በጋሪ ቆሻሻ የሚሰበስቡ አሥራ አንድ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተዋል። በየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ ቅጠል፣ የቡና አተላ፤ በእኛ ደጋ አገር ደግሞ አመድና አፈሩ ይበዛል። ይህን ወስደን ብናበሰብሰው ወደ ጉድጓድ የሚሄደው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ያገኛል፤ ሴቶቹ ገቢ ያገኛሉ። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው። መጠለያ ተሠራ፣ አጥር ታጠረ፣ አካፋና መንሽ ተገዛ፤ ተመረቀ፤ ፎቶ ተነሣን።

ኮምፖስት ራሱ አያስቸግርም። ክምሩን በትክክል ከሠራችሁት በጥቂት ቀን ውስጥ ይግላል፤ የብረት ዘንግ ሰክታችሁ ስታወጡት እጅ አያስይዝም። ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ መድረስ አለበት፤ የአረም ዘርና በሽታ የሚሞተው በዚያ ሙቀት ነው። ሲበርድ ትገለብጡታላችሁ፣ ሲደርቅ ታጠጡታላችሁ። የደጋው ብርድ ሥራውን ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም። የሚያቆመው ክረምቱ ነው፤ ዝናብ የገባበት ክምር ይታፈናል፣ ይሸታል፣ ጎረቤት ይጮኻል። ይህን ሁሉ ተወጣነው። ያልተወጣነው ብርጭቆውን ነበር።

ቆሻሻው ተቀላቅሎ ነበር የሚመጣው። የሚለዩት ሴቶቹ ናቸው፤ በእጃቸው። በጀቱ ውስጥ ለመጠለያው መስመር አለ፣ ለአጥሩ አለ፣ ለምረቃው ድግስ እንኳ አለ፤ ለመለየቱና ለመንፋቱ የሚከፈል የቀን አበል ግን የለም። ሴቶቹ በነፃ እስከ መቼ ይለዩ? የሚችሉትን ለዩ፣ የቀረው ከክምሩ ገባ። የመጀመሪያውን ምርት በአካባቢው ላሉ ገበሬዎች በነፃ አከፋፈልን።

በመስከረም ማለቂያ አንድ ገበሬ ቢሮዬ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እንቢ አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱና ቋጥረው ያመጡትን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፦ የጠርሙስ ስባሪ፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የመርፌ መውጊያ። «ወንድምዓለም፣ ይኼ ማዳበሪያ ነው ወይስ ሌላ ስም አለው?» አሉኝ። ከድንች ማሳቸው ነው የለቀሙት። ድንች የሚለቀመው በእጅ ነው። የልጃቸው ጣት ተቆርጦ ነበር።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። እሳቸውም አልተቆጡም። ብዙ ሰው ይቆጣ ነበር። «ያንተን ነገር ብቀበል እንጂ ማሳዬን ማን ያነጣልኛል?» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቀበሌ የእኛን ኮምፖስት የተቀበለ የለም።

ከዚያ «ቤት ለቤት እናስለይ» አልን። ለየቤቱ ሁለት ማዳበሪያ ሰጠን፤ የሚበሰብሰው በአንዱ፣ የማይበሰብሰው በሌላው። ታምናላችሁ? ሰው ለየ። እንደሚወራው «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚባለው ነገር ቢያንስ እኔ ባየሁት ሰፈር ውሸት ነው። የተበላሸው የት መሰላችሁ? ጋሪው አንድ ሣጥን ብቻ ነበረው። ሁለቱም ማዳበሪያ እዚያው ይገለበጣል። አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ በር ላይ ቆመው እያዩ «ልጄ፣ እኔ የለየሁትን አንተ ልትቀላቅለው ነው?» አሉኝ። በጋሪው መሐል አንድ ጣውላ መምታት ያንን ይፈታው ነበር። ጣውላው እስኪገዛ ስንት ደብዳቤ እንደተጻጻፍን ብነግራችሁ ምሳው ይበርዳል። ጣውላው ሲመጣ ወይዘሮዋም ሰፈሩም መለየቱን ትተውት ነበር።

ያ መጠለያ ዛሬ የግንባታ ብረት ማስቀመጫ ነው።

ለዓመታት ይህን እንደ ራሴ ውድቀት ብቻ ሳስበው ኖርኩ። በኋላ በሥራ ምክንያት ሌሎች ከተሞችን ስዞር ግን ያው ታሪክ በሌላ ልብስ ጠበቀኝ። በየከተማው ጋሪ አለ። ከጋሪው በኋላ ያለው ነው የሌለው።

የሃይላንዱን ነገር ውሰዱ፤ ያው የውሃውን ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ የምርቱ ስም ለሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሴቶቹ ይሰበስቡታል፤ ፈላጊም አለው፤ አዲስ አበባ ላይ ተፈጭቶ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ያልተጨመቀ ሃይላንድ የጫነ መኪና የሚጭነው አየር ነው። አንድ ሹፌር ለምነን ነበርና «ጤፍ መጫን ስችል አየር ለምን እጭናለሁ?» አለን። እውነቱን ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ይከማቻል፤ መንገድ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ወራት ይቀመጣል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤ ነጋዴው ሲመጣ በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። ሴቶቹ ምን ምርጫ አላቸው?

መፍትሔው መጭመቂያ ማሽን ነው፤ ሃይላንዱን ጨምቆ እንደ ድርቆሽ ያስራል፤ አንድ መኪና ያኔ ጭነት ይጭናል። ማሽኑ ግን ብዙ ጠርሙስ ይፈልጋል። ደጀን ብቻውን አይሞላውም፤ ሉማሜ ብቻውን አይሞላውም፤ ደብረ ማርቆስም ብትሆን ዓመቱን ሙሉ አታሠራውም። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፦ በአንድ አስፋልት ላይ የተሰደሩ ከተሞች ናቸው። ባንድነት ቢሰበስቡ ይሞላል። ግን ያ ግቢ የማን ይሆናል? የደብረ ማርቆስ ማዘጋጃ ቤት ለፍኖተ ሰላም ቆሻሻ በጀት አይዝም። ምሥራቅ ጎጃም ዞን ለምዕራብ ጎጃም አይዝም። ሁሉንም የሚያይ አንድ አካል ብቻ አለ፤ ክልሉ። ዛሬ እዚህ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

ሕጉን ስታዩት ኃላፊነቱ ግልጽ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ማስወገጃ ቦታ የመሥራትን፣ ለሰብሳቢዎች ፈቃድ የመስጠትን ሥራ ለከተማ አስተዳደር ነው የሰጠው። ዕቅዱን ከታችኛው እርከንና ከነዋሪው ጋር አብረው እንዲያወጡ ይል ነበር። የቤት ኃላፊዎች መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይተው እንዲያስቀምጡም ያዝ ነበር፤ ያቺ ወይዘሮ ሳያውቁት ሕግ ሲያከብሩ ነበር፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የከለከለውም ይኸው አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጨርሶ ከለከለ። ደግ አደረገ። እኔ የማየው ግን አንድ ኪሎ በርበሬ የምትቸረችረዋን ሴት ነው፤ በምን ትጠቅልለው? ከተማው መልስ ከሌለው ሕጉ እሷ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው።

ድጋፍ አልነበረም ካልኩ እዋሻለሁ። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በአጭሩ ዩ.አይ.አይ.ዲ.ፒ. የምንለው የዓለም ባንክ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ 117 ከተሞችን ይዞ ነበር። ከተሞች በየዓመቱ ተመዝነው እንደ ውጤታቸው ገንዘብ ያገኛሉ። ክልሎችም ከተሞቻቸውን በመደገፋቸው ይመዘኑ ነበር፤ ተንቀሳቃሽ የባለሙያ ቡድን የሚባል ነበር፣ ከክልል ተነሥቶ ከተማ ለከተማ የሚዞር። የድንጋይ ንጣፉን፣ የጎርፍ መውረጃውን ብዙዎቻችሁ የምትረግጡት ከዚያ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለቆሻሻ ሥራም ይፈቀድ ነበር። ነገር ግን ለማሠሪያ እንጂ ለማሠሪያው ማንቀሳቀሻ አይደለም። ማስወገጃ ቦታ ይሠራል፤ ነዳጁ፣ ጎማው፣ የለያዮቹ አበል የከተማው ነው፤ ከተማው ደግሞ የለውም። እኔም ሪፖርት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ «የኮምፖስት መጠለያ ግንባታ፣ በዕቅድ 1፣ ክንውን 1፣ መቶ በመቶ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሌላው ደግሞ ድጋፉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም በኩል የመጣው የከተሞች የኮምፖስት ፕሮጀክት ስድስት ከተሞችን መርጦ ነበር፦ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ። ከክልላችን ባሕር ዳር። ባሕር ዳር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በግል ድርጅት ቆሻሻ ማሰብሰብን የሞከረች፣ ብዙ ጥናት የተሠራባት ከተማ ናት፤ መመረጧ ይገባኛል፤ ውጤት የሚታየው ትልቅ ከተማ ላይ ነው። የተማሩትን ግን ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ደምበጫ ማን ያምጣው? መንገዱ 265 ኪሎ ሜትር ነው፤ እውቀቱ ግን እስካሁን አልደረሰም።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መሞቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ደብረ ማርቆስ ቆሼ አይደለችም። ቆሼም ግን ሲጀመር ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ነበር። የእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቁልቁለት ላይ ነን። ከጮቄ ሥር የሚነሣው ጨሞጋ አጠገባችን ያልፋል፤ ክረምት የጠረገው ሁሉ ወደ አባይ ነው የሚወርደው። ግድቡ ላይ ቦንድ የገዛነውን ያህል ፌስታልም እየላክንለት ነው።

ስለ ኮምፖስት አንድ ነገር ሳልጨምር ብቀር መምህሮቼ ይታዘቡኛል። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት ጊዜ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ሲል፣ አንዳንድ ሰው «ኮምፖስት ይተካዋል» ሲል ሰማሁ። አይተካውም። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ፤ በአንድ ኩንታል ጥሩ ኮምፖስት ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ኪሎ ቢገኝ ነው። ገበሬን በዚህ ማታለል ብርጭቆ ከመስጠት አይተናነስም። የጎጃም ደጋ አፈር ግን ብዙው አሲዳማ ነው፣ በዝናብና በእርሻ ብዛት ልሟል፤ ኮምፖስት የሚሰጠው ያን የተሟጠጠውን ልማት ነው፣ አፈሩ ውሃ እንዲይዝ፣ የተጨመረውም ዩሪያ እንዳይታጠብ። ለዚያ ደግሞ ንጹሕ መሆን አለበት። ንጹሕነቱን ማን ይመርምር? ሴቶቹ ላቦራቶሪ የላቸውም፤ ገበሬው የሚያምነው ማኅተም የለም።

የምጠይቀው ስለዚህ ይህ ነው፤ የምጠይቀውም በየቢሮው የተቀመጣችሁትን ነው፤ ዞር ብዬ ሳይ ከንቲባም፣ የፋይናንስ ባለሙያም፣ የግብርና ሰውም፣ መምህርም አለን። በክልል ከተማና መሠረተ ልማት ያላችሁ፣ በዚህ መንገድ ላይ ላሉት ከተሞች የጋራ መሰብሰቢያ ግቢና አንድ መጭመቂያ በክልሉ ስም እንዲያዝ አጀንዳ አድርጉት፤ ጥናቱን እኔና ሁለት ጓደኞቼ በነፃ እንጽፋለን። ገንዘብ ላይ ያላችሁ፣ ለሥራ ማስኬጃ ለአምስት ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ድጎማ ይታሰብ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ቢሆን፣ ከተማው እየተረከበ ይሄዳል። ግብርና ያላችሁ፣ የችግኝ ጣቢያዎቻችሁ የተነፋውን ኮምፖስት ይግዙ፤ በነፃ አይውሰዱት፤ አንድ ደንበኛ ያለው ማኅበር ይቆማል። እዚሁ ግቢ የምታስተምሩ ደግሞ የአፈር ላቦራቶሪ አላችሁ፤ በወር አንድ ናሙና መርምራችሁ ውጤቱን በአማርኛ ጻፉላቸው። ይህን መጠየቅ ክልሉ ሁሉን ይሥራ ማለት አይደለም። ጋሪውን ከተማው ይግፋ፤ ከተማው የማይደርስበትን ክልሉ ይያዝ ነው።

ከእነዚያ አሥራ አንድ ሴቶች አራቱ አሁንም ይሰበስባሉ። አንዷን ባለፈው ክረምት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋሪያቸውን አየሁት፤ መሐሉ ላይ ጣውላ መትተውበታል፣ በራሳቸው ገንዘብ። «ያንተ ጣውላ ስትዘገይ እኛ መታነው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አሁን ከምሳ በፊት ያልኩበትን ልንገራችሁና ልውረድ። ዛሬ ምሳ ላይ በትንሹ ሦስት መቶ ሃይላንድ ይከፈታል። በሩ አጠገብ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ አስቀምጫለሁ፤ በግራ በኩል ያለው ለሃይላንድ ነው፣ በቀኝ ያለው ለምግብ ትራፊ። ሃይላንዱን ከመክተታችሁ በፊት ውሃውን አፍሱትና ክዳኑን አውልቃችሁ እርገጡት፤ እባካችሁ ሶፍት ከትራፊው ጋር አትቀላቅሉ፤ ትራፊውን የሚወስዱት ላም ያላቸው ሰው ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚሁ ከተማ አንድ የሴቶች ማኅበር ጋሪውን ይዞ ይመጣል። እንዳይጠብቁ።

 መልካም ምሳ!